“አጋጣሚ ነው” አትበሉኝ

እናቴ ቪዲዮውን በቴሌግራም የላከችልኝ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ገደል አናት ላይ፣ አሞራና ጭልፊት ተቀላቅለው ይዞራሉ። ልቆጥራቸው ሞከርኩ፤ ሠላሳ ከደረስኩ በኋላ እየተደራረቡብኝ ተውኩት። አንዱ የሰፈር ልጅ ቪዲዮው ላይ የበገና ድምፅ ጨምሮበታል፤ ከታች ደግሞ “በሰፈራችን የታየ ምልክት፣ ልብ ያለው ልብ ይበል” የሚል ጽሑፍ ለጥፎበታል። እናቴ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ “እስቲ እየው ልጄ። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው። እኔስ ደስ አላለኝም።”

ስብሰባ ላይ ነበርኩ። “አጋጣሚ ነው እማ፣ አትጨነቂ” ብዬ ጻፍኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ መልስ ነው። መልሱ ስህተት ነበር። የተሳሳትኩት ግን የቪዲዮው ባለቤት በሚያስበው መንገድ አይደለም፤ ወፎቹ ከሰማይ ደብዳቤ ይዘው አልመጡም። እኔ የተሳሳትኩት የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሰው ሆኜ ስለመለስኩ ነው። የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለኝ። ሶፍትዌር ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድ ሲስተም ያልተለመደ ነገር ሲያሳይ “አጋጣሚ ነው” ብሎ ጉዳዩን የሚዘጋ ባልደረባ ቢኖረኝ አብሬው መሥራት አልፈልግም። ለእናቴ ግን ያንኑ አደረግኩላት።

ሁለት ጎራ፣ አንድ ስንፍና

ወፍ ባልተለመደ ሁኔታ በተሰበሰበ ቁጥር ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንዱ ጎራ “ምልክት ነው” ይላል፤ የሞት፣ የጦርነት፣ የረሃብ፣ የዘመን ፍጻሜ፣ እንደየሰሞኑ ወሬ። ሌላው ጎራ ፈገግ ብሎ “ባካችሁ፣ አጋጣሚ ነው” ይላል። ያደግኩት የመጀመሪያው ጎራ ቤት ውስጥ ነው፤ የተማርኩት ደግሞ ሁለተኛው ጎራ ግቢ ውስጥ። ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። የሚለያዩ ይመስላቸዋል እንጂ መጨረሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሚሉትን ካሉ በኋላ ተነስቶ ገደሉን የሚያይ ሰው የለም።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። አጋጣሚ ማለት ሁለት ነገሮች፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ አጋጣሚ እንዲኖር ቢያንስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። “አሞራዎች ተሰበሰቡ፣ በዚያው ሳምንት አንድ አዛውንት አረፉ” ብትሉኝ፣ የሁለቱ መገናኘት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ እስማማለሁ። “አሞራዎች ተሰበሰቡ” ብቻ ብትሉኝ ግን አጋጣሚ የሚባል ነገር የለበትም። ሠላሳ አሞራ ያለ ምክንያት አንድ ገደል አናት ላይ አይገናኝም።

አሞራ ሥራ ፈት አይደለም። ትልልቅ ክንፍ ያላቸው ወፎች ክንፍ እያርገበገቡ መብረር ብዙ ጉልበት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚወጣውን ሞቃት አየር ይጠብቃሉ፤ በእሱ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ከላይ ሆነው መሬቱን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይተያያሉ። የኛ ጥንብ አንሶች ምግብ የሚፈልጉት በዋናነት በዓይናቸው ነው። አንዱ ወደ ታች ሲወርድ ሩቅ ያለው ያየዋል፤ እሱም ሲከተል ከእሱ የራቀው ያየዋል። ለኔ ቢጤው በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው፤ መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፍ ኔትወርክ ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሠላሳ ሆነው ካያችኋቸው ኔትወርኩ ሥራውን ሠርቷል።

ይህ ማለት ግን ወፍ በተሰበሰበ ቁጥር ከሥሩ ሬሳ አለ ማለት አይደለም። ጥቅምት ላይ ንስሮች ተከታትለው ሲያልፉ ብታዩ ምክንያቱ ወቅቱ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ አዳኝ ወፎች ብርዱን ሸሽተው ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ባሕር ላይ ወደ ላይ የሚያነሳቸው ሞቃት አየር እንደልብ ስለማያገኙ ጠባብ ቦታ ይመርጣሉ፤ አንዱ ከጅቡቲ ማዶ ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአንድ የፍልሰት ወቅት ብቻ እዚያ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች ከ240,000 በላይ ነበሩ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ ተሰልፎ ብታዩ ደግሞ ምክንያቱ ዓሣ ነው። ቦታው ራሱ አሞራ ገደል ይባላል። አስጋሪው የዓሣውን ትራፊ ይጥላል፣ አባ ኮዳው ይበላል፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፤ እዚያ በገና የሚለቅ ሰው አላየሁም። ለምን? ምክንያቱ ዓይናችን ሥር ስላለ ነው። “ምልክት” የምንለው ምክንያቱ ከአጥር ጀርባ ሲሆንብን ነው።

ለምልክት አንባቢዎች

መጀመሪያ ከእናንተ ልጀምር፤ ቤተሰቦቼ ናችሁ።

እግዚአብሔር በወፍ መናገር አይችልም እያልኩ አይደለም። ያንን የመወሰን ሥልጣን የለኝም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፎቹ ተሰብስበው ምንም ያልሆነባቸውን ቀናት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ጭልፊትና አሞራ የማይሰበሰብበት ቀን የለም። ሰው የማይሞትበት ቀንም የለም። ሁለቱ ሲገናኙ ትዝ ይላችኋል፤ ሳይገናኙ ሲቀሩ ትረሱታላችሁ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ትንቢቱ ሁልጊዜ የሚነገረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። “ያን ጊዜ ወፎቹ ሲዞሩ እኔ ብዬ ነበር” የሚል ሰው ሞልቷል። ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚሞት ቀድሞ ጽፎ ያስቀመጠ ግን አላጋጠመኝም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ላይ ስለ በድንና ስለ አሞራዎች የተነገረ ቃል አለ። የምልክት ቪዲዮ ሠሪዎች ይወዱታል። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ምሳሌው እኮ የሚገባን ሁላችንም አንድ ነገር ስለምናውቅ ነው፤ አሞራ የሚመጣው በድን ስላለ ነው። በድኑ ይቀድማል። እናንተ ግን ገልብጣችሁት አሞራው መጀመሪያ መጥቶ በድኑን እንዲጠራ ታደርጋላችሁ። ጥቅሱን በያዛችሁበት እጅ ወደ ገደሉ ብትጠቁሙ ኖሮ አንድ ነገር ታገኙ ነበር።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ሌሊት፣ አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ ቢቢ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው ከሰማይ ወረዱ። መንገዱና ጣራው በጥቁር ወፍ ተሸፈነ። የዓለም መጨረሻ ነው ያሉ ነበሩ። ወፎቹ ሲመረመሩ የተገኘው ከነገር ጋር ተላትመው የሞቱ መሆናቸው ነበር። በክረምት ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ነው የሚያድሩት፤ ጨለማ ውስጥ በደንብ አያዩም። የዘመን መለወጫ ርችት ከእንቅልፋቸው ሲያባንናቸው በድንጋጤ ተነስተው ከቤትና ከዛፍ ጋር ተጋጩ። በዓመቱ በዚያችው ሌሊት፣ በዚያችው ከተማ፣ በቁጥር አነስ ቢልም ተደገመ። ምልክት ነበር ካላችሁ፣ አዎ፣ የርችት ምልክት ነበር። ሰማዩን ሲያዩ ያደሩት ሰዎች ግን መልሱ እጃቸው ላይ ክብሪት ሆኖ እንደነበር አላዩትም።

ምልክቱ ማን ላይ ያርፋል?

ከዚህ የባሰው ነገር ሌላ ነው። ምልክት ተብሎ የተሰየመ ነገር ባለቤት ይፈለግለታል።

ስለ ሮም አመሠራረት የሚነገረውን አፈ ታሪክ አስታውሱ። ሁለት ወንድማማቾች ከተማይቱን ማን ይግዛ በሚለው ተጣሉና ወፍ እንዲፈርድ ተስማሙ። ሬሙስ መጀመሪያ ስድስት አሞራ አየ። ሮሙሉስ ቆይቶ አሥራ ሁለት አየ። አንዱ “እኔ ቀደምኩ” አለ፣ ሌላው “የኔ ይበዛል” አለ። ወፎቹ ምንም አልፈረዱም። የሞተው ሬሙስ ነው። ምልክቱን የሚተረጉመው ጉልበት ያለው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ጉልበት የሌለው ነው።

የኛ ሰፈር ከሮም አይለይም። ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ልጅ ሆነን ኳሳችን ግቢያቸው ሲገባ መልሰው የሚወረውሩልን፣ ሰኔ ላይ በቆሎ ጠብሰው የሚሰጡን ሴትዮ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የተረፈች እንጀራ ፈርፍረው ለእርግብ ይበትናሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ነገር ነው። ቪዲዮው በተለቀቀ በአራተኛው ቀን ግን “እሳቸው ናቸው የሚጠሯቸው” የሚል ወሬ ተነሳ። በሳምንቱ “ድሮም ዓይናቸው ደስ አይልም ነበር” ወደሚል ተሸጋገረ። የዚህ ዓይነቱ ወሬ በኛ አገር የት እንደሚያደርስ የማያውቅ የለም። ማንም በር አልሰበረም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። የቡና ተራው ሲደርስ ብቻ ልጅ ተልኮ “ቡና ጠጡ” መባሉ ቀረ።

እናቴም አልጠራቻቸውም። አርባ ዓመት የተጎራበተቻቸውን ሴት ለአሥር ቀን አልጠራቻቸውም። በኋላ ስጠይቃት ያለችኝን አልረሳውም፦ “አንተን ጠየቅኩህ። አጋጣሚ ነው አልከኝ። አጋጣሚ ማለት ምን ማለት ነው? ባዶ እኮ ነው። እነሱ ግን የሆነ ነገር ነገሩኝ።”

ለ“አጋጣሚ” ባዮች

አሁን ወደ ራሴ ሰዎች ልምጣ። ኮድ የምትጽፉ፣ ፊዚክስ የተማራችሁ፣ የእናታችሁን ቪዲዮ ሳትጨርሱ “ፌክ ነው” የምትሉ።

“አጋጣሚ ነው” የሚለው መልስ ሳይንስ ይመስላል። ሳይንስ ግን አይደለም። ሳይንስ የሚጀምረው “ለምን?” ከሚለው ነው፤ “አጋጣሚ ነው” ደግሞ “ለምን?” የሚለውን አፍ ያስዘጋል። ምልክት አንባቢው ቢያንስ ነገሩን አይቶታል። እኛ አላየነውም። እሱ የተሳሳተ ምክንያት ሰጠ፣ እኛ ምክንያት የለውም አልን። ከሁለቱ የቱ ይብሳል?

በ1999 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ቁራዎች መሞት ጀመሩ። ብዙ ቁራዎች። በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ ሰዎች አንጎልን በሚያቃጥል በሽታ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። የጤና ባለሥልጣናት በሽታው ሴንት ሉዊስ የሚባለው የአንጎል ብግነት ነው አሉ። ትሬሲ ማክናማራ የምትባል፣ ብሮንክስ መካነ አራዊት ውስጥ የምትሠራ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ግን አልተዋጠላትም። እሷ ጋ ደግሞ ፍላሚንጎዎች እየሞቱ ነበር። የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፎች ውስጥ ይኖራል እንጂ እንዲህ አይገድላቸውም፤ ታዲያ ወፎቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው? የሰውና የወፍ ሞት በአንድ ሰሞን መግጠሙን “አጋጣሚ” ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እሷ አላለፈችውም፤ ናሙና ይመርመር ብላ ወተወተች። በመጨረሻ የተገኘው ዌስት ናይል ቫይረስ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአሜሪካ ምድር ታይቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት 62 ሰዎች በጽኑ ታመው 7 ሞቱ። ቁራዎቹ ምልክት ነበሩ። ምልክቱን ያነበበችው ግን ማይክሮስኮፕ የያዘችው ናት።

የወፍ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን መቅረትም ይናገራል። ሕንድ ውስጥ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥንብ አንሶች ጠፉ። በሚሊዮኖች ይቆጠር ከነበረው፣ ጀርባው ነጭ ከሆነው ዝርያ ከመቶ አንድ እንኳ አልቀረም። ምክንያቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ዳይክሎፌናክ። አዎ፣ እኛም ለወገብ ሕመም የምንውጠው። ለከብት ይሰጥ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ይሞታል። ከዚያ ምን መጣ? የሚያነሳው የጠፋ ጥንብ ሜዳ ላይ በሰበሰ፣ ውሃ ተበከለ፣ ውሻ ተራባ፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ መጣ። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአሞራዎቹ መጥፋት ከ2000 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ የሰው ሞት እንዳስከተለ ገምተዋል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው። የመንደሩ ሰማይ ባዶ ሲሆን “አጋጣሚ ነው” ያለው ማን እንደነበር እንጃ፤ እንደ እኔ ያለ የተማረ ሰው እንደሚሆን ግን አልጠራጠርም።

“ሕንድ ሩቅ ነው” አትበሉ። ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ቄራዎች አካባቢ በተደረገ ክትትል የታየው ተመሳሳይ አቅጣጫ ነው፤ ጥንብ አንሶች እየቀነሱ፣ ውሾች እየበዙ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እኛ ዘንድ ከሚኖሩት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በርካቶቹ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ናቸው። ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚቀመጥ መርዝ እነሱንም ይጨርሳቸዋል። እንግዲህ ያን “የሞት ምልክት” የምንለውን ወፍ ስናባርር የምናባርረው ማንን እንደሆነ አስቡ። ጥንቡን ከውሻው ቀድሞ የሚያነሳልንን ነው።

ገደሉ ውስጥ

ቪዲዮው ከተላከልኝ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ እናቴ ደወለች። የጎረቤታችንን ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ገደሉ ጋ ውሻ ነክሶታል። ውሻው ባለቤት የለውም፤ ነክሶ ጠፍቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ከደረሱበት ግን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ክትባቱን በጊዜው መጀመር ያድናል። የልጁ እናት ይህን አላወቀችም ነበር፤ እናቴ አወቀች፣ ሁለቱ ይዘውት ሮጡ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። “አጋጣሚ ነው እማ” የሚለውን መልእክት ስልኬ ላይ ደጋግሜ አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈር ሄድኩ። ሥራ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄያችን “ምን ተለወጠ?” የሚል ነው። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ካልሠራ በመሃል የተለወጠ ነገር አለ። ሰፈራችን ውስጥ ምን ተለወጠ? አሮጊቷ አልተለወጡም። እርግቦቹ አልተለወጡም። የተለወጠው የቀን መቁጠሪያው ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የዘለቀው ጾም ተፈታ፣ በዓለ ሃምሳ ገባ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ ይበላል፣ በየሳምንቱ ሠርግ አለ። ጾማችን ከኛ አልፎ የእንስሳቱንም ገበታ እንደሚለውጥ የታወቀ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ትግራይ ውስጥ የጅቦችን ዐይነ ምድር መርምሮ፣ በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀንስ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። ጾም ጅቡን ካስራበው፣ ፍስክ አሞራውን ቢያጠግብ ምን ይገርማል?

ከተነከሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ጋር ዱላ ይዘን ወረድን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ቁጥቋጦው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ አንጀትና ፈርስ፣ ሸሆና፣ ቀንድ፣ የቆዳ ቁራጭ ተከምሯል። አንዳንዱ ከረጢት ገና አልተፈታም። ስምንት ውሾች ቆጠርኩ። ሽንታችንን ልናመልጥ ነበር፤ አንድ ላይ ዞረው ሲያዩን እግሬ ተሳሰረ። ከክምሩ የሚወርደው ፈሳሽ መስመር ሠርቶ ወደ ወንዙ ይገባል። ከላያችን አሞራዎቹ ይዞራሉ። ከሰፈሩ ሁሉ ሥራቸውን በትክክል ይሠሩ የነበሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ማን እንደጣለው አልታወቀም። ለሠርግ በድብቅ የሚያርድ ሰው እንዳለ ይጠረጠራል፤ ስም አልጠራም፣ ማስረጃ የለኝም። ወደሚመለከተው ቢሮ ተመላልሰን ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪና መጥቶ አነሳው። በቀናት ውስጥ አሞራዎቹ ወደ ሁለትና ሦስት ወረዱ። ውሾቹ አልሄዱም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሰፈሩ ወጣቶች “እኛም ጠርጥረን ነበር” ማለት ጀመሩ። ልጁ ክትባቱን በቀጠሮው ጨርሷል፤ ደህና ነው።

ገበሬው ምን ያደርጋል?

የምለውን ለማስረዳት ወደ ማሽላ እርሻ ልውሰዳችሁ። ግሪሳ ወፍ በዓለም ላይ በቁጥር ከሁሉም የዱር ወፍ ይበልጣል ይባላል። ዝናቡንና የሣሩን ፍሬ ተከትሎ ይዞራል፤ የሣሩ ፍሬ ሲያልቅበት ማሽላው ላይ ይወርዳል። አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል ይበላል። ትንሽ ናት። ሚሊዮን ሆኖ ሲመጣ ግን በቀን 100 ኩንታል ነው። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ግሪሳ ሲከብ ቢያይ ምን ያደርጋል? “አጋጣሚ ነው” ብሎ ቤቱ ይገባል? ወይስ “የማን ዓይን ነው?” ብሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል? ማሳው መሃል ማማ ይሠራል፣ ወንጭፉን ይይዛል፣ ልጆቹን በተራ ያስጠብቃል። ሊጸልይም ይችላል፤ ጸሎቱ ማማውን ከመሥራት አላገደውም። የግሪሳው መምጣት ለእሱ ምልክት ነው፤ ማሽላው መድረሱን፣ ሣሩ ማለቁን፣ ነገ ጠዋት በማለዳ መነሳት እንዳለበት የሚነግር ምልክት።

የኔ አቋም ይኸው ነው። ወፍ ሲሰበሰብ ምልክት ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ወቅት፣ ስለ አየር፣ ስለ በሽታ፣ ስለ መርዝ፣ አንዳንዴም እኛው ደብቀን ስለጣልነው ነገር ይናገራል። ስለ ጎረቤታችን ነፍስ ግን አይናገርም። እናንተ ምልክት አንባቢዎች፣ ዓይናችሁን አትጨፍኑ፣ ጣታችሁን ብቻ ከሰው ላይ አንሱ። እናንተ አጋጣሚ ባዮች ደግሞ ቤተሰብ “እስቲ እየው” ብሎ ሲጠይቃችሁ እዩት። ካላወቃችሁ “አላውቅም፣ መጥቼ አያለሁ” በሉ። አንድ የታክሲ መንገድ ነው። ባዶውን ቦታ እኛ ካልሞላነው በገና የሚያስገባበት ሰው ይሞላዋል፤ ከዚያ አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል።

ገደሉ በተጸዳ በማግስቱ እናቴ ቡና አፍልታ እኔን ወደ አሮጊቷ ቤት ላከችኝ። ልጅ እያለሁ እንደምላከው። በሩ ላይ ቆሜ “እማማ፣ ቡና ጠጡ ተብለዋል” አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና ነጠላቸውን ለበሱ። ቡናው ላይ ስለ ወፎቹ ያነሳ የለም። እናቴ ሁለተኛውን ሲኒ ስትሰጣቸው እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ከማንም አልወጣም።

ሲወጡ ደግፌ እስከ በራቸው ሸኘኋቸው። ወደ ገደሉ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ “ሌሊት ሌሊት መኪና ሲቆም እሰማ ነበር። ከረጢቱን ሲወረውሩትም እሰማለሁ። ሽታው እኮ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም፣ እማማ?”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉ።